የመንደሩ ስም ያስገኘው ጊታሪስት

ቪዲዮ ፖስት አድርጋችሁ እስከ ማታ አርባ ቪው ብቻ ሲያገኝ ምን ይሰማችኋል? እኔ እንደዚያ ሲያጋጥመኝ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት። ሸክላ ካሳተመ በኋላ ዓለም እስኪያውቀው 35 ዓመት የጠበቀ የብሉዝ ተጫዋች ነው። ጠበቀ ማለቴም ልክ አይደለም፤ የሚጠብቀው ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር።

ኸርት ያደገው አሜሪካ ውስጥ በሚሲሲፒ ግዛት፣ አቫሎን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ጊታር የጀመረው በልጅነቱ፣ ያለ አስተማሪ ነው። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ ምቱን ይይዛል፤ ሌሎቹ ጣቶቹ በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላችኋል። ድምፁ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ጎረቤቱን እንደሚያጫውት ሆኖ ነው የሚዘፍነው። ኑሮው ግን ከባድ ነበር፤ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ፣ ሲመቸው በሰፈሩ ጭፈራ ላይ ይጫወት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1928 ዕድል መጣ። አብሮት ይጫወት የነበረው ነጩ ቫዮሊን ተጫዋች ዊሊ ናርሙር፣ ለኦኬ ሸክላ ኩባንያ ሰዎች ጠቆመው። ኸርትም መጀመሪያ ሜምፊስ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ኒውዮርክ ሄዶ ዘፈኖቹን ቀረፀ። ኒውዮርክ ከቀረፃቸው አንዱ «አቫሎን ብሉዝ» ነው፤ የመንደሩ ናፍቆት ነው፣ እኛ ትዝታ የምንለው ዓይነት።

ሸክላዎቹ ግን አልተሸጡም። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ኩባንያውንም አናጋው። ኸርት አቫሎን ተመልሶ እርሻውን ቀጠለ።

በ1952 ሁለት የድሮ ዘፈኖቹ በአንድ የሸክላ ስብስብ ውስጥ ወጡ። ወጣቶች ወደዷቸው፤ ዘፋኙ በሕይወት መኖሩን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል ወጣት «አቫሎን ብሉዝ»ን ሰማ። የመንደሯን ስም ከአሮጌ ካርታ ላይ ፈልጎ አገኘና መኪናውን አስነሳ። ኸርት እዚያው አቫሎን ነበር! በዚያ ዘመን ሚሲሲፒ ውስጥ የማያውቀው ነጭ በሩን ሲያንኳኳ ጥቁር ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ እሱም መጀመሪያ የመንግሥት ሰው መጣብኝ ብሎ ሰግቶ እንደነበር ይነገራል።

በዚያው ክረምት በኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ተጫወተ፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ከዚያ ቡና ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቴሌቪዥኑ፣ አዳዲስ አልበሞች ተከተሉ። ዕድሜው ግን 70 ገደማ ነበር። ኖቬምበር 1966 ላይ አረፈ። ሠላሳ አምስት ዓመት ዝምታ፣ ሦስት ዓመት ዝና።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ችሎታ ተደብቆ አይቀርም» ይላል። እኔ አልስማማም። ዘፈኖቹ እኮ በ1928ም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። የመንደሩን ስም ባይጠራ ኖሮ ማን ያገኘው ነበር? መንደራቸውን ሳይጠሩ የቀሩስ ስንት ናቸው?

ዕድልን ማዘዝ አንችልም። ከየት እንደመጣን ግን ሥራችን ውስጥ መተው እንችላለን። ኸርት አቫሎንን የዘፈነው ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው አይደለም፤ አገሩ ናፍቆት ነው።

ዛሬ ማታ ኢርፎን አድርጋችሁ የ1928ቱን ቅጂ ስሙት። ስለ አርባው ቪው ደግሞ አትዘኑ፤ አርባ ሰው እኮ አንድ ቤት ሙሉ ጭፈራ ነው።