ስለ ዳኛ ዊልያም ሄስቲ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት በየመሥሪያ ቤቱ ይነገራል። ብዙው ሰው ለቀልድ ይለዋል፤ ተማሪዎቼ ግን እንደ ምክር ሲይዙት ስላየሁ፥ ሹመትን በሌላ ዓይን የተመለከቱ የአንድ ሰው ታሪክ ባጭሩ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኒህም አሜሪካዊው ዳኛ ዊልያም ሄስቲ ናቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄስቲ በ1904 በቴኔሲ፥ በኖክስቪል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፥ እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። በ1925 ከአምኸርስት ኮሌጅ አንደኛ ሆነው ከወጡ በኋላ በኒው ጀርሲ በአንድ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተማሩ፤ በ1930 በሃርቫርድ የሕግ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በዋሺንግተን በጥብቅና ሲሠሩም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር። በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናቸው።

በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በቨርጂን ደሴቶች የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በፌዴራል ዳኝነት ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሳቸው ናቸው። ይህን ክብር ግን በ1939 ትተው የሃዋርድን የሕግ ትምህርት ቤት ሊመሩ ተመለሱ።

በ1940 የጦር ሚኒስትሩ የሄንሪ ስቲምሰን ረዳት ሆነው ስለ ጥቁር ወታደሮች ጉዳይ እንዲያማክሩ ተጠሩ። ጥቁርና ነጭ ወታደር ተለያይቶ መሠልጠኑ እንዲቀር ደጋግመው አሳሰቡ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ይልቁንም የአየር ኃይሉ ክፍል በዚሁ ልማድ ሲጸና ባዩ ጊዜ፥ በጥር 1943 ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ምክንያታቸውንም ለሕዝብ ገለጡ። በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ ሁሉም በእኩልነት እንዲታይ አዘዙ።

ሄስቲ ሹመቱን ቢለቁም ሥራ አልፈቱም። ከማርሻል ጋር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው፥ በ1944 የቴክሳስ ጥቁሮች በፓርቲ ቅድመ ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ የተደረገውን ክልከላ፥ በ1946 ደግሞ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፋሪዎችን በቀለም መለየትን ተከራክረው ረቱ።

በዚያው በ1946 የቨርጂን ደሴቶች አገረ ገዥ ሆኑ። በ1949 ትሩማን በፊላዴልፊያ ለሚያስችለው የሦስተኛው ክልል የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሾሟቸው፤ ሴኔቱም ሹመቱን በ1950 አጸደቀ። በዚያ ወንበር እስከ 1971 ሲፈርዱ፥ ከ1968 ጀምሮ ዋና ዳኛ ነበሩ። በ1976 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጆቹን በወር ደመወዙ የሚያሳድግ ሠራተኛ ባልተስማማበት ነገር ሁሉ ሥራውን ይልቀቅ ማለቴ አይደለም። ሄስቲም ቢሆኑ የለቀቁት ከሁለት ዓመት በላይ በተሾሙበት ቦታ ተቀምጠው፥ የተጠየቁትን ምክር ሳይደብቁ ከሰጡ በኋላ ነው። ይህን ማድረግ ለማንኛውም ጸሐፊ፥ ለማንኛውም የክፍል ኃላፊ ይቻላል። ሳያምኑበት ከመፈረም በፊት ያመኑበትን በጨዋ ቃል ጽፎ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ ለሠራተኛ የተከለከለ አይደለም።

ሄስቲ ሹመት ሲሰጣቸው አልበሉበትም፤ ሲተዉትም አልቆጫቸውም። ለተማሪዎቼ ከዚያ ተረት ይልቅ ይህን ብነግራቸው እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር