ኢብኑል ሃይሰም፦ የፀሐይን ግርዶሽ በቀዳዳ ያየው የበስራው ሊቅ



እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 እሁድ ጠዋት የሰሜን ወሎ ሕዝብ ፀሐይ ስትጋረድ አይቷል። ቀለበት የሠራው ግርዶሽ ያለፈው በላሊበላ በኩል ነበር። እኛ ያን ጊዜ በሐብሩ ወረዳ መርሳ ላይ ነበርን። ፀሐይዋ ከማለዳ ጀምራ እየሳሳች ሄዳ፣ 2 ሰዓት ገደማ ቀጭን ሆና ቀረች። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ልጆቹ ሁሉ ደጅ ነበሩ። ከማንጎ ዛፍ ሥር መሬቱን ስናይ በቅጠሎቹ መሐል የሚወርደው ብርሃን እንደ ወትሮው ክብ ክብ አልነበረም፤ ሁሉም ትንንሽ ሂላል ሆኗል። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ጠየቁን። የኩሱፍ ሶላት እንዴት እንደሚሰገድ እናውቃለን፤ ይህንን ግን መመለስ አቃተን።

መልሱን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አንድ ሙስሊም ሊቅ ጽፎት ኖሯል። ዛሬ የምናወጋችሁ የእሱን ሕይወት ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሂጅራ ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቡ ዓሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሃይሰም በ965 (354 ሂጅራ) በዛሬዋ ኢራቅ በበስራ ከተማ ተወለደ። ሒሳብን፣ ሥነ ፈለክን፣ የግሪክ ፈላስፎችን መጻሕፍት ተማረ። ስሙ እየገነነ ሲሄድ አንድ ንግግሩ ግብፅ ድረስ ደረሰ፦ የዓባይን ወንዝ ሙላትና ጉድለት መቆጣጠር ይቻላል ማለቱ ነበር። የግብፁ ፋጢሚ ገዥ አል-ሐኪም ይህን ሰምቶ አስጠራው።

ኢብኑል ሃይሰም ባለሙያዎችን ይዞ ወንዙን ተከትሎ እስከ አስዋን አካባቢ ወጣ። በመንገዱ የጥንት ግብፃውያንን ግንባታዎች ሲያይ አንድ ነገር ገባው፤ ይህን ያህል የተራቀቁ ሰዎች ወንዙን መግራት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ያደርጉት ነበር። ቦታውንም ሲመረምር ሐሳቡ እንደማይሠራ አረጋገጠ። ወንዙን የሚሞላው የእኛ አገር ክረምት ነው። ከላስታ የሚነሣው ተከዜ፣ ከደላንታ ደጋ በበሽሎ በኩል የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። ያንን ጎርፍ በዚያ ዘመን መሣሪያ መያዝ አይታሰብም ነበር።

ተመልሶ መሳሳቱን ለገዥው ተናገረ። አል-ሐኪም ሹመት ቢሰጠውም፣ በቁጣው የሚታወቅ ገዥ ስለነበር ኢብኑል ሃይሰም ለነፍሱ ሠጋ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አእምሮውን እንደሳተ ሰው ሆነ፤ ንብረቱ ተይዞ በቤቱ ውስጥ ተዘጋበት። ነጻ የወጣው በ1021 አል-ሐኪም ከሞተ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ኑሮው በአል-አዝሀር መስጂድ አጠገብ ሆነ። መተዳደሪያው ኪታብ በእጁ መገልበጥ ነበር። በየዓመቱ የኡቅሊደስንና የበጥሊሙስን መጻሕፍት ገልብጦ በ150 የግብፅ ዲናር እየሸጠ በዚያች ይኖር እንደነበር ተጽፏል። በየጁ ምድር፣ እንደ ዳና ባሉ የዕውቀት መንደሮች፣ ደረሶች ኪታብ በብዕርና በቀለም ሲገለብጡ የኖሩበትን ሕይወት ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ኪታብ አል-መናዚር ነው፤ ስለ ማየትና ስለ ብርሃን በሰባት ክፍል የተጻፈ። ከእሱ በፊት ኡቅሊደስና በጥሊሙስ ዓይን ጨረር እያወጣ ነገሮችን እንደሚዳስስ ያስተምሩ ነበር። ኢብኑል ሃይሰም ይህን አልተቀበለም። ፀሐይን ትክ ብሎ የሚያይ ሰው ዓይኑ ይታመማል፤ እንግዲያው ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን ይገባል እንጂ ከዓይን አይወጣም አለ። በቃል ብቻም አልቆመም። በጨለማ ክፍል ውስጥ በቀዳዳ ብርሃን እያስገባ፣ መብራቶችን እየደረደረ አንድ በአንድ ፈተነ። ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚሄድ፣ ከመስታወት ላይ እንዴት እንደሚመለስ፣ ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ እንዴት እንደሚታጠፍ መረመረ። ብርሃን እጅግ ፈጣን ቢሆንም ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድበትም ያምን ነበር።

የመርሳ ልጆች ጥያቄ የተመለሰው ደግሞ ስለ ግርዶሽ ቅርጽ በጻፈው ሌላ ድርሳን ነው። ጠባብ ቀዳዳ የራሱን ቅርጽ አያሳይም፤ የሚያሳየው የፀሐይን ምስል ነው። ፀሐይ ሙሉ ስትሆን ምስሉ ክብ ይሆናል፤ ግማሿ ሲጋረድ ሂላል ይሆናል። ቀዳዳው እየሰፋ ከሄደ ሂላሉ ይጠፋል። በማንጎው ቅጠሎች መሐል ያሉት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው የኢብኑል ሃይሰም ቀዳዳዎች ነበሩ ማለት ነው።

ለታላላቆች አክብሮት ነበረው፤ ግን በጭፍን አይከተላቸውም። በጥሊሙስን እያደነቀ፣ የበጥሊሙስን ስህተቶች የሚዘረዝር ሙሉ ድርሳን ጽፏል። እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚያነበውን ሁሉ፣ የራሱንም ሐሳብ ጭምር፣ መጠርጠርና መፈተን እንዳለበት ያስተምር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን እንናገር። መምህር ሳለን የሙስሊም ሊቃውንትን ታሪክ ስናወራ አፋችንን ሞልተን ሁሉንም ያገኙት እነሱ ናቸው እንል ነበር። አንድ ቀን የስበትንም ነገር የደረሰበት ኢብኑል ሃይሰም ነው ስንል አንድ ተማሪ በየትኛው ኪታብ ላይ እንዳለ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም፤ አድበስብሰን አለፍነው። ልጁ ግን ልክ ነበር፤ በዚያች ሰዓት የኢብኑል ሃይሰም ደረሳ እሱ እንጂ እኛ አልነበርንም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ኢብኑል ሃይሰም ስለ ክብደትም ሠርቷል። በ1121 ስለ ሚዛን ታላቅ ኪታብ የጻፈው አል-ኻዚኒ፣ የአካላትን የክብደት ማዕከል ሲያስረዳ ከአቡ ሰህል አል-ቁሂና ከኢብኑል ሃይሰም እንደወሰደ ገልጿል። ብርሃንን ያጠና ሰው ክብደትንም አጥንቷል። ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም።

ያገናኛቸው አልበርት አንስታይን ነው። በ1915 ባቀረበው ሐሳብ፣ እንደ ፀሐይ ያለ ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ህዋና ጊዜ ራሱን ያጎብጣል። ከመርሳ ወደ ወልዲያ የሚሄድ መኪና የሚጠማዘዘው መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ነው፤ መንገዱ የሚጠማዘዘው ደግሞ ምድሩ ተራራና ሸለቆ ስለሆነ ነው። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ክብደት ባይኖረውም የጎበጠውን ህዋ ተከትሎ ያልፋል። ይህ የተፈተነው በግርዶሽ ነው። ግንቦት 29 ቀን 1919 በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ ባለችው ፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚሏ ሶብራል ከተማ፣ በተጋረደችው ፀሐይ አጠገብ ያሉት ከዋክብት ፎቶ ተነሡ። ብርሃናቸው ተጣሞ ተገኘ። አንስታይን የተነበየው መጣመም ከጨረቃ ክብ ስፋት አንድ ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው። ፍተሻው ዛሬም አልቆመም፤ በ2023 በአውሮፓው ሰርን ቤተ ሙከራ ፀረ ቁስም እንደ ማንኛውም ነገር ወደ ምድር እንደሚወድቅ በሙከራ ታይቷል።

የተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ሲል ሰይሞ የሁለቱን ሰዎች ሥራ አብሮ አስቧል፦ የኢብኑል ሃይሰምን የአንድ ሺህ ዓመት፣ የአንስታይንን የአንድ መቶ ዓመት። ኢብኑል ሃይሰም ያልሠራውን ሳንጨምርለት እንኳ ክብሩ ይበቃዋል። ኪታቡ ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ በ1572 በባዝል ታትሞ፣ እንደ ኬፕለር ያሉ ሊቃውንት ተምረውበታል። እሱ ራሱ በ1040 ገደማ በካይሮ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ብትጋረድ፣ ሰዎች ለእሱ ሞት ነው ሲሉ እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተኣምራት ሁለቱ እንደሆኑና ለማንም መሞት ወይም መወለድ እንደማይጋረዱ አስተማሩ። በሐዘናቸው መሐል እንኳ ለልጃቸው ክብር ሲባል ሐሰት እንዲነገር አልፈቀዱም። እኛም ለሊቆቻችን ክብር ብለን ሐሰት ልንናገር አይገባንም።

የወልዲያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወላጆችና ኡስታዞች ሆይ! ልጆቻችን በሚቀጥለው ግርዶሽ ሶላቱን ይስገዱ፤ ፀሐይን በባዶ ዓይን እንዳያዩ እንከልክላቸው። ከዚያም ካርቶን በመርፌ በስተን፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሂላሏን ወረቀት ላይ እንዲያዩ እናሳያቸው። የት ተጽፏል ብለው ሲጠይቁንም አንቆጣ፤ ካላወቅን አላህ ያውቃል ብለን አብረናቸው እንፈልግ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።