ከእሳት ድል አግኝቶ በእሳት ያለፈው ዲክ ሲማን

የመኪና እሽቅድድም አፍቃሪዎች የእንግሊዛዊውን ሪቻርድ ሲማን ስም ሲያነሱ ሁለት ቀኖች አብረው ይነሳሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ ጁላይ 24 ቀን 1938 ሲሆን ነዳጅ ሲሞላ የተነሳ እሳት ትልቁን ድሉን ያመቻቸለት ቀን ነው። ሁለተኛው ጁን 25 ቀን 1939 ሲሆን በዚያው በነዳጅ እሳት ሕይወቱ ያለፈበት ቀን ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ጓደኞቹ ዲክ እያሉ የሚጠሩት ሲማን የተወለደው እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1913 ከባለፀጋ ቤተሰብ ነው። ራግቢ ትምህርት ቤት ተምሮ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ልቡ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሞተር ጋር ነበር። ቤተሰቦቹ ትምህርቱን ጨርሶ ቁም ነገር ያለው ሥራ እንዲይዝ ቢፈልጉም ልጅየው ግን ዲግሪውን ሳይዝ ወጥቶ እ.ኤ.አ በ1934 ሙሉ በሙሉ ወደ ውድድር ገባ።

ስሙ የገነነው በ1936 ነው። ያ ዓመት አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ምክንያት እንግሊዝ አገር በስደት የገቡበት ዓመት ነበር። ሲማን በ1927 የተሠራ አሮጌ ዴላጅ ገዝቶ ጁሊዮ ራምፖኒ በተባለ ጣሊያናዊ መካኒክ ካሳደሰ በኋላ አዳዲሶቹን መኪኖች ጉድ አደረጋቸው። በጣሊያኗ ፔስካራ፣ በስዊዘርላንድ በርን እና በአገሩ ዶኒንግተን በተከታታይ አሸነፈ። አሮጌ ማልያ ለብሶ ዋንጫ እንደመሰብሰብ ያለ ነገር ነበር።

ይህን ያየው የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ ሞክሮት ለ1937 አስፈረመው። የዚያን ጊዜ መርሴዲስና አውቶ ዩኒየን በናዚ መንግሥት የሚደገፉ፣ ማንም የማይደርስባቸው ቡድኖች ነበሩ። እንግሊዛዊ ሆኖ ለጀርመን መኪና መንዳት ቀላል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመትም አልቀናውም። በኑርቡርግሪንግ ከአውቶ ዩኒየኑ ኤርንስት ፎን ዴሊየስ ጋር ተጋጭቶ እሱ ተጎድቶ ሲተርፍ ጀርመናዊው ሞተ። በ1938 ደግሞ ግማሹን የውድድር ዘመን በተቀያሪ ወንበር ላይ አሳለፈው።

ጁላይ 24 ግን ሰልፍ ውስጥ ገባ። ኑርቡርግሪንግ አንዱ ዙር ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ውድድሩ ደግሞ 22 ዙር። አገሬው የሚጮኸው ለጀርመናዊው ማንፍሬድ ፎን ብራውሂች ሲሆን እሱም እየመራ ነበር። ሲማን ከኋላው ተጣብቆ ይከተለዋል። ሁለቱም ነዳጅ ለመሙላት ተከታትለው ገቡ። ብራውሂች ተናዷል፤ ሲማን በጣም እየተጠጋኝ ነው ብሎ ለቡድን መሪው አልፍሬድ ኖይባወር አቤት ይላል። መካኒኮቹ በጥድፊያ ላይ ናቸው። ነዳጁ በግፊት የሚሞላ ስለነበር ታንኩ ሞልቶ ገነፈለና በመኪናው ጀርባ ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ሲነሳ ከጭስ ማውጫው የወጣው ነበልባል የፈሰሰውን አገኘው። መኪናው በአንድ አፍታ ተቀጣጠለ።

ግዙፉ ኖይባወር ሮጦ ብራውሂችን ከመቀመጫው ጎትቶ አወጣው። እሳቱም በማጥፊያ ጠፋ። ሲማን ይህ ሁሉ ሲሆን ነዳጁን ሞልቶ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከብራውሂች ኋላ እንዲሆን ታዞ ነበርና። ሂድ ሲባል ብቻ ወጣ። ከዚያ በኋላ የያዘው አልነበረም። ብራውሂች በዚያችው መኪና እንደገና ቢገባም ብዙም ሳይሄድ ከመንገድ ወጣ። ሲማን የጀርመንን ግራንድ ፕሪ በጀርመን ምድር አሸነፈ። በሽልማቱ ላይ የናዚውን ሰላምታ እንዲሰጥ ግድ ሆኖበት እጁን በግማሽ ልብ ከፍ ሲያደርግ ይታያል።

ለመሆኑ እሳቱ ለምን ተነሳ? የመርሴዲሱ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር በላይ ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ በመሀል ሳይሞሉ መጨረስ አይቻልም። ነዳጁም ተራ ቤንዚን ሳይሆን በአብዛኛው ሜቲል አልኮል ነበር። የሚነደው ደግሞ ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው ትነት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ብልጭታ ወይም የጋለ ብረት ካገኘ ወደ መጣበት ይመለሳል። ኑርቡርግሪንግ ላይ ሦስት ነገር ተገናኘ፦ የፈሰሰ ነዳጅ፣ ጥድፊያና የሚነሳ ሞተር።

ሲማን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የቢኤምደብሊው ኩባንያ ኃላፊ የነበረውን የፍራንዝ ዮሴፍ ፖፕን ልጅ ኤሪካን አገባ። እናቱ ጋብቻውን ስለተቃወሙ ከልጃቸው ጋር ተቆራረጡ። ሁለቱ ወጣቶች አብረው የኖሩት ግን ወራት ብቻ ነው።

በ1939 የቤልጂየም ግራንድ ፕሪ ስፓ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሲማን እየመራ ነው። ፍጥነት ሊቀንስ ይችል ነበር፤ አልቀነሰም። 22ኛው ዙር ላይ ላ ሱርስ ከሚባለው ኩርባ በፊት መኪናው ተንሸራቶ ዛፍ ላይ ተጠመጠመ። የነዳጅ ቱቦው ተበጥሶ የጋለው ሞተር ላይ ሲፈስ እሳቱ ተነሳ። የሚያወጣው ሰው እስኪደርስ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ ዕድሜው 26 ነበር። ለንደን ፑትኒ ቬል ሲቀበር ሂትለር የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር። ሁለቱ አገሮች ጦርነት የገቡት ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ ነው።

ትምህርቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የገባው። ፎርሙላ ዋን የማይቀደዱ የጎማ ታንኮችን የለመደው በ1970ዎቹ ነው። በመሀል ነዳጅ መሙላት በ1984 ተከልክሎ በ1994 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሆክንሃይም ላይ የጆስ ቨርስታፐን ቤኔቶን ነዳጅ ሲሞላ በእሳት ተዋጠች፤ ሹፌሩ ተረፈ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በውድድር መሀል መሙላት ጨርሶ ቀርቷል።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ሰው የሚያውቀው ጀሪካን የተሠራው በሲማን ዘመን፣ በዚያው በጀርመን ነው፤ ስሙም እንግሊዞች ለጀርመኖች ካወጡት ቅጽል የመጣ ነው። ዛሬ ከደብረ ታቦር አልፎ ነፋስ መውጫ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም ስማዳ ወገዳ ድረስ የሚሄድ ሹፌር ማደያ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካንና ከላስቲክ ጠርሙስ ያስቀዳል። ባጃጁ ሞተሩ እየሠራ፣ ተሳፋሪው ከነልጁ ተቀምጦ፣ ቀጂው ሲጋራ ለኩሶ ከሆነ ኑርቡርግሪንግ ላይ የተገናኙት ነገሮች እዚህም ተገናኙ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያ ኖይባወርና የእሳት ማጥፊያ መኖራቸው ነው። ስለዚህ ሞተር ይጥፋ፣ ሰው ይውረድ፣ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ የፈሰሰው ሳይደርቅ ቁልፍ አይዞር። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።