ላማርከስ ቶምፕሰንና የቁልቁለቱ ባቡር

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በብሩክሊን ጠረፍ ኮኒ አይላንድ የሚባል አሸዋማ የባሕር ዳር አለ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ይህ ሥፍራ በሁለት ነገር የታወቀ ነበር፤ አንደኛው ለጤና የሚስማማው የባሕር ነፋስ፣ ሁለተኛው የሰው ክፋት ነው። በሙቀት ወራት የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የወደቡ ተሸካሚ በጠባብና በጨለማ ቤት ሲደክሙ ሰንብተው የዕረፍታቸው ቀን ሲደርስ በባቡርና በመርከብ ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። ነገር ግን ባሕሩን ሳያዩ አስቀድሞ የሚቀበላቸው የመጠጥ ቤት፣ የቁማር ጠረጴዛ፣ የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድ፣ ከዚያም የባሰ ነገር ነበር። የሳምንት ደመወዙን ይዞ የሄደው ሰው ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አንዳንዱም በሰው ተደግፎ ይመለሳል። ሰባክያን ይህን ቦታ በየመድረኩ ይረግሙት ነበር፤ እርግማኑ ግን ሕዝቡን ከመሄድ አላገደውም።

በ1884 ዓ.ም. ወደዚህ ሥፍራ አንድ ሰው መጣ፤ የመጣውም ሊረግም ሳይሆን ሊሠራ ነው። ስሙ ላማርከስ አድና ቶምፕሰን ይባላል።

ቶምፕሰን የተወለደው በ1848 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት ጀርሲ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ወደ ሚሺጋን ግዛት ተሻግረው በሂልስዴል ከተማ ተቀመጡ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ለእናቱ የቅቤ መናጫ፣ ለአባቱም በበሬ የሚጎተት ጋሪ እንደ ሠራ ይተረካል። በዐሥራ ሰባት ዓመቱም የሠለጠነ አናጢ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ በሂልስዴል ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ኢንዲያና ግዛት ወደ ኤልክሃርት ከተማ ሄዶ በንግድ ሥራ ተሰማራ። በዚያም ስፌት የሌለበት የእግር ሹራብ የሚሠራበትን ብልኃት አገኘና ፋብሪካ አቋቁሞ ባለጸጋ ሆነ። ሀብቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ጤናው እየጎደለ ሄደ። ከሥራ ብዛት የተነሣ ሰውነቱ ደክሞ፣ ዕድሜው አርባ ሳይሞላ ንግዱን ለመተው ተገደደ። ሰው ዕረፍት ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ አካሉ ተማረ ማለት ነው።

ቶምፕሰን ሃይማኖተኛ ሰው ነበር፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ያስተምር እንደ ነበረ ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይመሰክራሉ። ከእርሱ ዘመን ሃይማኖተኞች ብዙዎቹ ጨዋታን ሁሉ በአንድነት ይጠሉ ነበር። ቶምፕሰን ግን ሌላ አሳብ ነበረው። ስካርና ሌላውም ክፉ ልማድ በአብዛኛው የሚመጣው ከክፉ መደሰቻ ነው ይል ነበር። ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ደስታን ይፈልጋልና ክፉውን መከልከል ብቻ አይበቃም፤ በእርሱ ፋንታ ንጹሕና ርካሽ የሆነ፣ አባት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሊቀምሰው የሚችል ሌላ ደስታ ማቅረብ ያስፈልጋል የሚል ነበር ሃይማኖቱም ንግዱም። ንግዱም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቶምፕሰን ገንዘብ ማግኘትን የሚጠላ ሰው አልነበረም።

ይህን ንጹሕ ደስታ ያገኘው ደግሞ ከቁልቁለት ላይ ነው። ከዳገት ላይ መንሸራተት የሰው ልጅ ሁሉ የሚወደው ነገር ነው፤ በክረምት እርጥብ ሣር ላይ ቅጠል አንጥፈው የሚንሸራተቱትን ልጆች ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። በመስኮብ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ሰዎች የእንጨት ማማ ሠርተው በበረዶ እየሸፈኑ ከላዩ ይንሸራተቱ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመትም ለንግሥት ካተሪን 2ኛ በኦራንየንባውም ቤተ መንግሥት አጠገብ በመንኰራኵር የሚወረድበት ትልቅ መንሸራተቻ ተሠራላት። በ1817 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ይህንኑ ጨዋታ ወደ ፓሪስ አስገብተው የመስኮብ ተራራ ብለው ጠሩት።

በአሜሪካም ሳይታሰብ ለጨዋታ የሆነ አንድ የከሰል ባቡር ነበረ። በፔንሲልቬኒያ ግዛት ያን ጊዜ ማውክ ቸንክ ትባል በነበረች ከተማ በ1827 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል የሚጭኑ ሠረገላዎች ከተራራ ላይ ያለ እንፋሎት፣ በክብደታቸው ብቻ፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርዱበት ሐዲድ ተዘረጋ። ባዶዎቹን ሠረገላዎች ወደ ላይ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ በቅሎዎቹም ሲመለሱ በራሳቸው ሠረገላ ተጭነው ይወርዱ ነበር። የባቡሩን ምቾት አንዴ ከቀመሱ በኋላም ቁልቁለቱን በእግራቸው ውረዱ ቢሏቸው እንቢ ይሉ እንደ ነበረ ይተረካል። ሰዎችም ከበቅሎዎቹ ብዙ አልተለዩም። ከ1872 ዓ.ም. በኋላ ከሰሉ በሌላ መንገድ መጓዝ በጀመረ ጊዜ ሐዲዱ ለተሳፋሪ ብቻ ሆነና፣ ነፋሱ ፊታቸውን እየመታ ከተራራ መውረድን የወደዱ ብዙ ሰዎች እየከፈሉ ይሳፈሩበት ጀመር። ቶምፕሰንም አሳቡን ከዚህ ባቡር እንደ ወሰደ ይነገራል። ተራራ በሌለበት በአሸዋው ዳር ተራራውን በእንጨት መሥራት ለእንደርሱ ላለ አናጢ አስቸጋሪ አልነበረም።

በ1884 ዓ.ም. በሰኔ ወር አጋማሽ ባቡሩ በኮኒ አይላንድ ተከፈተ። ርዝመቱ 180 ሜትር ያህል ሲሆን በሁለቱም ጫፍ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማማ ቆሞ ነበር። በሁለቱ ማማዎች መካከል ጎን ለጎን የተዘረጉት ሁለት ሐዲዶች እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላሉ። ተሳፋሪው ደረጃውን በእግሩ ወጥቶ በሠረገላው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ወንበሩም ወደ ጎን የዞረ ስለ ነበረ ፊቱን ወደ ሐዲዱ ሳይሆን ወደ ውጭ አድርጎ አካባቢውን እያየ ይሄዳል። ሠረገላው ሲለቀቅ የሚያንቀሳቅሰው እንፋሎት ወይም ፈረስ አልነበረም፤ ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ ሲወርድ ያገኘው ኃይል ደግሞ የሚከተለውን ጉብታ ያስወጣዋል። ነገር ግን መንኰራኵሩ ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ኃይሉ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ስለሚጠፋ ጉብታዎቹ እያነሱ መሄድ ነበረባቸው፤ ሠረገላውም የማዶውን ማማ ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል። በዚያ ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ፤ ሠራተኞች ሠረገላውን እየገፉ እስከ ማማው ራስ ያወጡትና ወደ ሁለተኛው ሐዲድ ያዞሩታል፤ ተሳፋሪዎቹም እንደ ገና ተሳፍረው ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ይህም ቀስ ብሎ ከሚሮጥ ሰው አይበልጥም።

ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ሕዝቡም ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ጀመር፤ ገቢው በቀን እስከ 600 ዶላር ደርሶ እንደ ነበረ ይነገራል፣ ለሥራው የወጣውም ገንዘብ ሳይቈይ ተመለሰ። እንግዲህ ይህን ገንዘብ የከፈለው ማን እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። ባለጸጋው የራሱ ሠረገላ፣ የራሱ የአትክልት ቦታ፣ በተራራ ላይም የራሱ ቤት ነበረው፤ 5 ሳንቲም ይዞ የሚሰለፈው የከተማው ድኻ ነው። ቶምፕሰን ያስብ የነበረው ስለዚህ ሰው ነው፤ ለአንዲት ደቂቃ ያህል ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ባሕርን ያየ ሰው ወደ ጨለማው ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ያ ብርሃን በአሳቡ ይቀርለታል ብሎ ያምን ነበር።

በ1885 ዓ.ም. በጥር ወር መንግሥት የብልኃቱን ባለቤትነት የሚያረጋግጥ ወረቀት ሰጠው። ተወዳዳሪዎች ግን አልዘገዩም። በ1884 ዓ.ም. ቻርልስ አልኮክ የሚባል ሰው ሐዲዱን አዙሮ ጫፍና ጫፉን አገናኘው፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ሳይወርድ ወደ ተነሣበት ይመለስ ጀመር። በሚከተለው ዓመት ፊሊፕ ሂንክል በሳን ፍራንሲስኮ ሠረገላውን በመኪና ኃይል እየሳበ ወደ ራስጌው የሚያወጣ ብልኃት አመጣ፤ ተሳፋሪውንም ፊቱን ወደ ፊት አስቀመጠው። የቶምፕሰን ባቡር በአንድ ዓመት ውስጥ ያረጀ ነገር መሰለ።

እርሱ ግን በከፍታና በፍጥነት አልተከተላቸውም። በ1887 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት በአትላንቲክ ሲቲ የባሕር ዳር የመልክዓ ምድር ባቡር ብሎ የሰየመውን አዲስ ሥራ ከፈተ። በዚህ ባቡር ሠረገላው ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲሄድ ቆይቶ ወደ ሰው ሠራሽ ዋሻ ይገባል። ዋሻው ጨለማ ነው፤ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ግን ራሱ የሚያበራቸው መብራቶች ቦግ ይላሉ፤ በግራና በቀኝም አበቦችና ዛፎች፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ታሪኮችም በደማቅ ቀለም ተሥለው ይታያሉ። ከቀየው ርቆ የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ በጥቂት ሳንቲም በሩቅ አገር ያለፈ ይመስለው ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪው በመጨረሻ ሥዕሉን ከሐዲዱ ጋር አጋባው። ሥራውም ተወደደ፤ በ1888 ዓ.ም. በአሜሪካና በአውሮፓ የሠራቸው ባቡሮች ወደ ሃምሳ ይጠጉ ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በስሙ የሚጠራ ኩባንያ አቋቋመ።

በዚያው በ1895 ዓ.ም. በኮኒ አይላንድ ሌላ ዐይነት አሳብ ተነሣ። ፖል ቦይተን የሚባል በዋና የታወቀ ሰው ቦታውን በአጥር ከልሎ በመግቢያ ዋጋ የሚገባበት የመጫወቻ ሥፍራ ሲከፍት፣ በውስጡ ሰውን በአየር ላይ ራሱን ወደ ታች የሚገለብጥ ባቡር አቆመ። ሐዲዱ ፍጹም ክብ ሆኖ ስለ ተሠራ ሠረገላው ወደ ክቡ ሲገባ ድንገተኛው ግፊት የተሳፋሪውን አንገት ይጎዳ ነበር። በ1901 ዓ.ም. ኤድዊን ፕሬስኮት ክቡን ወደ እንቍላል ቅርጽ ለውጦ ጉዳቱን አቀለለው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚሳፈሩት አራት ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ሌላውም ሕዝብ ከመሳፈር ይልቅ ቆሞ ማየትን ስለ መረጠ፣ ባለቤቱ ከተመልካቹም ገንዘብ ይቀበል ጀመር። ባቡሩም ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ጠፋ። የሌላውን ሰው ፍርሃት በገንዘብ ገዝቶ ማየት ከቶምፕሰን አሳብ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ አንባቢው ራሱ ይመዝነው።

ኮኒ አይላንድ በቶምፕሰን ባቡር ምክንያት ቅዱስ ቦታ ሆነ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። የመጠጥ ቤቶቹ ከባቡሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ፤ ከእርሱ ባቡር የወረደ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደም። ቢሆንም ቀስ በቀስ አንድ ነገር ተለወጠ። ቀድሞ ሚስቱንና ልጆቹን ወደዚያ መውሰድ የሚያፍር ሰው አሁን ይዟቸው ይመጣ ጀመር፤ በ1897 ስቲፕልቼዝ፣ በ1903 ደግሞ ሉና ፓርክ የተባሉት ትልልቅ የመጫወቻ ሥፍራዎች በተከፈቱ ጊዜ ደጃቸውን የሞላው ሕዝብ አብዛኛው ቤተ ሰብ ነበር። ቁማርተኛውን ያስወጣው የፖሊስ ዱላ ብቻ አልነበረም፤ ከልጁ ጋር የተሰለፈው አባት ቦታውን ስለ ያዘበትም ጭምር ነው።

ቶምፕሰን ብዙ ሠራተኞችን አስተምሮ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጆን ሚለር ነው፤ እርሱም በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከቶምፕሰን ጋር መሥራት ጀምሮ ዋና መሐንዲሱ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ሚለር የሰውን ደኅንነት የሚጠብቁ ብዙ ብልኃቶችን አገኘ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሠረገላ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ብረት ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ ከሐዲዱ በታች ገብቶ ሠረገላውን የሚይዝ ሌላ መንኰራኵር አሠራር አስመዘገበ፤ በዚህም ሠረገላው ከሐዲዱ ሊዘል የማይችል ሆነ። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ ለደኅንነት የተሠራው መንኰራኵር ከዚያ በፊት ማንም ያልደፈረውን አስፈሪ ቁልቁለት እንዲሠሩ ለሰዎች መንገድ ከፈተላቸው።

ቶምፕሰን ይህን አላየም። በዚያው በ1919 ዓ.ም. በግንቦት ወር በሎንግ አይላንድ ግሌን ኮቭ በሚገኘው ቤቱ በሰባ አንድ ዓመቱ ዐረፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1927 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡሩ በቆመበት ሠፈር፣ በኮኒ አይላንድ ምዕራብ 10ኛ መንገድ ላይ፣ ሳይክሎን የሚባለው ባቡር ተከፈተ። ከፍታው 26 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው፣ ዋጋውም 25 ሳንቲም ነበር። እስከ ዛሬም ሰዎች ይሳፈሩበታል። ወንበሮቹ ወደ ፊት የዞሩ ናቸው፤ ቢሆንም ሠረገላው በሰንሰለት እየተሳበ ቀስ ብሎ ከራስጌው ሲደርስ፣ ወደ ገደሉ ከመውረዱ በፊት፣ ባሕሩ ይታያል።