ኤንሪኮ ፌርሚና የሰማይ ዝምታ

በሃያኛው ምእተ ዓመት ከተነሡት የፊዚክስ ሊቃውንት መካከል በንድፈ ሐሳብም በሙከራም እኩል የሠለጠነ ሰው ቢፈለግ ኤንሪኮ ፌርሚ በመጀመሪያው ረድፍ ይቆማል። ስሙ ከአቶም ኃይል ጋራ ተያይዞ ይታወቃል። ዳሩ ግን ይኸው ሰው በአንድ የምሳ ሰዓት ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አላገኘም። ጥያቄውም በሰማይ ያሉት ዓለማት ይህን ያህል ብዙ ከሆኑ፣ ከምድር ውጭ የሚኖሩ አእምሮ ያላቸው ፍጡራን ለምን እስካሁን አልታዩም የሚል ነው። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የዚህን ሊቅ ሕይወት በአጭሩ የምንጽፈው፣ ጥያቄውና የሕይወቱ ሥራ እንዴት እንደ ተገናኙ ለመግለጽ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌርሚ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1901 በሮማ ከተማ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ እናቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። የአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በወለንጪቲ በኩል ያልፍ ስለ ነበር፣ የእንዲህ ያለ ቤተሰብ ኑሮ ለአገራችን ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። በ1915 እጅግ የሚወደው ታላቅ ወንድሙ ጁሊዮ በድንገት ሞተበት። ልጁም ኀዘኑን በንባብ አስታገሠ። ከገበያ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ አሮጌ የፊዚክስ መጽሐፍ ገዝቶ አጠናው፤ የአባቱም ወዳጅ የሆነ አንድ መሐንዲስ የሒሳብ መጻሕፍት እየመረጠ ያውሰው ነበር። በ1918 በፒዛ ወደሚገኘው ታላቅ ትምህርት ቤት በፈተና ገባ፤ በ1922 የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ፤ ገና በሃያ አምስት ዓመቱም በሮማ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተመረጠ።

ከሥራዎቹ ሁለቱን በተለይ ልናስታውስ ይገባል፤ ኋላ ስለ ጥያቄው ስንናገር ይጠቅሙናልና። የመጀመሪያው ከአቶም አስኳል ውስጥ ኤሌክትሮን ለምን ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ በ1933 እና በ1934 የገለጸበት ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህም ውስጥ ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 በግምት ላሰባትና ማንም ላላያት ኒውትሪኖ ለተባለች ቅንጣት ስፍራ ሰጣት። ኒውትሪኖ በየሰከንዱ እልፍ አእላፋት ሆና በሰውነታችን ውስጥ ታልፋለች። ይሁን እንጂ በሙከራ የተገኘችው በ1956፣ ፌርሚ ከሞተ በኋላ ነው።

ሁለተኛው በ1934 ከጓደኞቹ ጋራ ኒውትሮን በሚባለው ቅንጣት ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን የመታበት ሙከራ ነው። ዩራኒየምን በመታ ጊዜ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ያገኘ መሰለው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ የዩራኒየም አስኳል በጠረጴዛው ላይ ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር። ይህንንም ኦቶ ሐንና ፍሪትዝ ሽትራስማን በርሊን ላይ እስከ ደረሱበት እስከ 1938 መጨረሻ ድረስ ማንም አላወቀውም።

በዚህ መካከል የሙሶሊኒ መንግሥት በ1935 አገራችንን ወረረ፤ ከአውሮፕላንም የመርዝ ጋዝ በሕዝባችን ላይ አዘነበ። ፌርሚ በ1929 የኢጣሊያ አካዳሚ አባል ሆኖ የተሾመ፣ በፋሽስት ፓርቲም መዝገብ የገባ ሰው ነበር፤ ከፖለቲካ ርቆ በላቦራቶሪው መሥራትን መረጠ። በ1938 የዘር ሕግ ሲታወጅ ግን እሳቱ ወደ ገዛ ቤቱ ደረሰ፤ ሚስቱ ላውራ የአይሁድ ተወላጅ ነበረችና። በዚያው ዓመት የኖቤልን ሽልማት ለመቀበል ወደ ስቶክሆልም በሄደ ጊዜ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ ወደ ሮማም ሳይመለስ በጃንዋሪ 2 ቀን 1939 ኒው ዮርክ ገባ።

በዲሴምበር 2 ቀን 1942 በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር፣ ከግራፋይትና ከዩራኒየም በተሠራ ክምር ውስጥ፣ በሰው እጅ የተነሣ የመጀመሪያው የአቶም ኃይል በእርሱ መሪነት ተገኘ። የዚያ ቀን ኃይል ግማሽ ዋት ብቻ ነበር፤ የእጅ ባትሪ አምፖል እንኳ በደንብ አያበራም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጁላይ 16 ቀን 1945፣ በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ፈነዳ። ፌርሚ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ነበር። ብጥስጣሽ ወረቀት ከእጁ እየጣለ፣ የፍንዳታው ነፋስ ምን ያህል እንደ ገፋው ለክቶ፣ ኃይሉን 10,000 ቶን ፈንጂ ያህል አድርጎ ገመተው። እውነተኛው ልክ ከዚህ ሁለት እጥፍ ያህል ነበር።

ቦምቡ በጃፓን ላይ እንዲጣል ወይም እንዳይጣል ከተጠየቁት አራት ሊቃውንት አንዱ ፌርሚ ነበር፤ እነርሱም ሌላ መንገድ እንዳልታያቸው ገለጹ። በኦገስት ወር ሂሮሺማና ናጋሳኪ ተቃጠሉ። በ1949 ከዚህ የባሰው የሃይድሮጂን ቦምብ በታሰበ ጊዜ ግን፣ ፌርሚና ኢዚዶር ራቢ መሣሪያው በማናቸውም ረገድ ክፉ መሆኑን ጽፈው ተቃወሙ። የአሜሪካ መንግሥት ሥራው እንዲቀጥል ከወሰነ በኋላ ፌርሚ በ1950 በጋ ወደ ሎስ አላሞስ ተመልሶ የዚያኑ ቦምብ ስሌት ሠራ።

ታላቁ ጥያቄ የተነሣው በዚሁ በጋ በሎስ አላሞስ ነው። ፌርሚ ከኤድዋርድ ቴለር፣ ከኤሚል ኮኖፒንስኪና ከኸርበርት ዮርክ ጋራ ወደ ምሳ ሲሄድ፣ በመጽሔት ስለ ወጣ አንድ የሰማይ እንግዶች የቀልድ ሥዕል ተጨዋወቱ። ከዚያም ወሬው ወደ ሌላ ከዞረ በኋላ ፌርሚ በድንገት ሁሉም ወዴት እንዳሉ ጠየቀ፤ ሰዎቹም ስለ ማን እንደሚናገር ወዲያው ገብቷቸው ሳቁ።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት እንደ ፌርሚ በግምት ማስላት ይበቃል። ሦስት ሺህ ያህል የጤፍ ፍሬ አንድ ግራም ይመዝናል እንበል። አንድ ኩንታል ጤፍ እንግዲህ 300 ሚሊዮን ያህል ፍሬ አለው። ፍኖተ ሐሊብ በተባለው ጋላክሲያችን ያሉት ከዋክብት ከ100 ቢሊዮን አያንሱም፤ ስለዚህ አንድ ኮከብ አንድ ፍሬ ቢሆን ከ300 ኩንታል በላይ ጤፍ ይሆናሉ። ይህም ስድስት ሰባት የኢሱዙ ጭነት ነው። የእኛ ፀሐይ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ፍሬ ናት። ከ1995 ወዲህም በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከ5,000 በላይ ዓለማት ተገኝተዋል።

ብርሃን ይህን ጋላክሲ ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 100,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በብርሃን ፍጥነት መቶኛ የሚሄድ መርከብ በ10 ሚሊዮን ዓመት ይሻገረዋል። ጋላክሲው ግን ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የጉዞው ጊዜ ከአንድ ቀን ውስጥ እንደ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። እንግዲህ ከእኛ በፊት የሠለጠኑ ቢኖሩ፣ ለመምጣት ጊዜ አላነሳቸውም።

ለዚህ ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቷል። አንዳንዶች ሕይወት እንደሚመስለን በቀላሉ አይገኝም ይላሉ። በስምጥ ሸለቋችን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዳሎል፣ በ2019 የታተመ ጥናት እጅግ ጨዋማና አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ውኃ እያለ ሕያው ነገር እንዳላገኘ ገልጿል። ሌሎች ደግሞ ሕይወት ቢኖርም ወደ ጥበብ የሚደርሰው ጥቂት ነው ይላሉ። በወለንጪቲ አቅራቢያ የሚያልፈው አዋሽ ወደ አፋር ሲወርድ በሚያገኘው አገር፣ በጎና፣ የ2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ከዚያ ድንጋይ እስከ ራዲዮ ይህን ያህል ዘመን አልፏል። ራዲዮ ከተፈጠረ ገና 130 ዓመት ያህል ስለ ሆነ፣ ድምፃችን ከጋላክሲው ጥቂቱን ብቻ ነው የደረሰው። ፍለጋውም ገና ጨቅላ ነው፤ ፍራንክ ድሬክ በ1960 በራዲዮ ቴሌስኮፕ ማዳመጥ ሲጀምር ያዳመጠው ሁለት ከዋክብትን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የፌርሚ ሁለት ሥራዎች ይመክሩናል። ኒውትሪኖ በሁላችን ውስጥ እያለፈች ለብዙ ዘመን አልታየችም፤ የአስኳሉም መሰንጠቅ በሊቁ ዓይን ፊት እየሆነ አልታወቀም። ስለዚህ አላየንም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ዮርክ እንዳስታወሰው ፌርሚ ራሱ ከገመታቸው ምክንያቶች አንዱ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል። ይኸውም የሠለጠኑ ፍጡራን ከኮከብ ወደ ኮከብ ለመድረስ የሚበቃ ዕድሜ ላይኖራቸው ይችላል የሚል ነው። ይህን ያለው ሰው የአቶምን እሳት በገዛ እጁ የለኮሰ፣ በዚያው ሰሞንም ራሱ ክፉ ነው ያለውን ቦምብ ያሰላ ነበርና፣ ግምቱ ከባዶ ሐሳብ የመጣ አይደለም። ጥበብ ወደ መርዝ ሲለወጥ ምን እንደሚያደርግም አያቶቻችን በማይጨውና በሌሎችም ግንባሮች አይተውታል።

ፌርሚ በኖቬምበር 28 ቀን 1954 በጨጓራ ካንሰር በሺካጎ ሞተ፤ ዕድሜው 53 ነበር። መቶኛው ንጥረ ነገር በስሙ ፌርሚየም ተባለ። ለጥያቄው ከሰማይ መልስ ይምጣ አይምጣ በእኛ እጅ አይደለም። የሰው ልጅ ለጎረቤቶቹ መልስ ሊሰጥ እስኪችል ድረስ መኖሩ ግን በእኛው እጅ ነው። ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊዚክስን ስናጠና ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱ ለምን እንደሚውል ጭምር እንጠይቅ።