ሽማግሌው፦ የሂራም ፐርሲ ማክሲም አጭር የሕይወት ታሪክ



በየወሩ ስብሰባችን ላይ አንድ የማያልቅ ክርክር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። መዋጮው ከተሰበሰበና ቃለ ጉባዔው ከተነበበ በኋላ ገሚሱ አባል ተነስቶ ወደ ጉዳዩ መሄድ ይፈልጋል፤ ገሚሱ ደግሞ እዚያው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ወጉን ይቀጥላል። እኔ ራሴ፣ አልዋሽም፣ ከፊተኞቹ ነኝ። ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ወሬ የሚያበዛውን ሰው ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁ የደረሰበት ያውቀዋል። ዛሬ ታሪካቸውን ላወጋችሁ የፈለግሁት ሰው እንደ እኔው ወሬ ጠል ነበሩ። ነገር ግን በስተኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እኔም ታሪካቸውን ካነበብኩ ወዲህ እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ መቆጣት ተሳነኝ።

ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1869 በአሜሪካ፣ በብሩክሊን ተወለዱ። (ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ማክሲም ሲባል ትልልቆቹ ትዝ የሚላችሁ መትረየሱ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። አባታቸው ሰር ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በራሱ ኃይል እየጎረሰ የሚተኩሰውን መትረየስ የፈለሰፉት ሰው ናቸው። አባትየው በ1881 ለሥራ ብለው ወደ አውሮፓ ተሻገሩና እንግሊዝ አገር ቀሩ። ሚስትና ልጆች አሜሪካ ቀሩ። ፐርሲ ያን ጊዜ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ግድም ነበሩ። አባትየው በራሳቸው መትረየስ ጩኸት ጆሯቸው እስኪደነቁር ድረስ ሲተኩሱ ኖሩ፤ ልጅየው ደግሞ የዚያን ጩኸት ተቃራኒ ሲፈልጉ ኖሩ ማለት ይቻላል።

ፐርሲ አእምሯቸው ፈጣን ነበር። ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1886 ሲመረቁ 16 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወደ ፋብሪካ ገቡ። በ1895 በሞተር የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ሠርተው ሞከሩ፤ በዚያው ዓመት ሃርትፎርድ በተባለ ከተማ ብስክሌት የሚያመርት ትልቅ ድርጅት ቀጠራቸውና አውቶሞቢል ይሠሩ ጀመር። በ1909 የጠመንጃ ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ ፈልስፈው መብቱን አስመዘገቡ። ሐሳቡ የመጣላቸው ከመታጠቢያ ገንዳ ውኃ እየተሽከረከረ ሲወርድ አይተው ነው ይባላል። ጋዙም እንደ ውኃው ተሽከርክሮ ቀስ ብሎ ቢወጣ አይጮኽም ነው ነገሩ። ኋላም ይህንኑ ዘዴ ለሞተር ጭስ ማውጫ አዋሉት።

ራዲዮ የጀመሩት ከልጃቸው ጋር ነው። በዚያ ዘመን ራዲዮ ማለት እንደ ዛሬው ዜናና ዘፈን የሚሰማበት አይደለም። በቴሌግራፍ መምቻ አጭርና ረጅም ምልክት እየመቱ በአየር የሚልኩበት ነው። ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ፣ ለፍቅሩ ብለው የሚሠሩትን ሰዎች አማተር ይሏቸዋል፤ በየቀበሌው የነበረውን የአማተር ኪነት ቡድን የምታስታውሱ ቃሉ አይጠፋችሁም። እኔም በወጣትነቴ በቴሌግራፍ ሥራ ላይ ጥቂት ስለቆየሁ የመምቻው ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

እዚህ ላይ ወሬ ለምን እንደ ነውር ይቆጠር እንደነበር ላስረዳ፤ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። የአሜሪካ መንግሥት በ1912 ባወጣው ሕግ አማተሮቹን ከ200 ሜትር በታች ወዳለው የራዲዮ ሞገድ አወረዳቸው። ከዚያ በታች ያለው ለምንም አይረባም ተብሎ ይታሰብ ነበርና፣ ባለ ገንዘብ የማይፈልገውን መሬት ለድሃ እንደመስጠት ያለ ነው። የማሠራጫውም ኃይል ከአንድ ኪሎዋት እንዳያልፍ ተወሰነ። ሁለተኛው ችግር መሣሪያው ነው። ብልጭታ እየፈጠረ የሚልክ ስለነበር ድምፁ ባንድ ቀጭን መስመር አይወሰንም፤ ወዲያና ወዲህ ይሰፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ማታ ቁጭ ብሎ ስለ አየሩ ጠባይና ስለ እራቱ ቢያወራ የከተማው አማተር በሙሉ ሥራ ይፈታል። አንድ ቧንቧ ላላቸው ብዙ ቤቶች አንዷ ሴትዮ ቧንቧውን ከፍታ ስታወጋ ብትውል ማለት ነው።

በ1914 ሚያዝያ ማክሲም ስፕሪንግፊልድ ለሚኖር አንድ አማተር መልእክት ለመላክ ፈለጉ። ከተማው ሩቅ አልነበረም፤ የእሳቸው ማሠራጫ ግን አልደርስ አለ። መሐል ላይ ዊንድዘር ሎክስ የሚባል ከተማ ውስጥ ሌላ አማተር መኖሩን አስታወሱና መልእክቱን በሱ በኩል አሳለፉት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ማክሲም ግን እዚያው ላይ አንድ ነገር ታያቸው። ከሰው ወደ ሰው ቅብብል ከተደረገ አገሩን በሙሉ ማዳረስ ይቻላላ! ከክላረንስ ተስካ ጋር ሆነው፣ ተስካ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር፣ የአሜሪካ ራዲዮ ቅብብል ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከ200 በላይ ጣቢያዎች ገቡበት። በ1917 መጀመሪያ ላይ መልእክት ከኒውዮርክ ካሊፎርኒያ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የፈጀው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ገንዘብ የሚከፈልበት አይደለም፤ ሁሉም በነጻ።

እንግዲህ የማኅበሩ ስም ራሱ ቅብብል ነው፤ የወግ ማኅበር አይደለም። ክብር ያለው ሥራ የሰውን መልእክት ተቀብሎ ለሚቀጥለው በታማኝነት ማስተላለፍ ነበር። ተቀምጦ ወሬ የሚሰልቀው አማተር የሰው መንገድ ላይ የቆመ ጋሪ ተደርጎ ይታያል። ለዚህ ዓይነቱ ረጅም ወግ እነሱ ጨርቅ ማኘክ የሚል ስም አላቸው። እኛ ወሬ መሰለቅ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ማኅበሩ ከ1915 ታኅሣሥ ጀምሮ ኪው ኤስ ቲ የሚባል መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በ1917 መጽሔቱ ላይ ሽማግሌው በሚል የብዕር ስም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ሽማግሌው ተቆጥቷል። አየሩ ሁሉ ተበላሽቷል፣ በሰበሰ ይላል፤ ሥራ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚጣራውን፣ የሰው መልእክት መሐል የሚገባውን፣ ጨዋነት የጎደለውን ሁሉ እያነሳ ይጥላል። አንባቢው ሳቀ፤ ወደደው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጻፈ። በ1919 ደግሞ ሥርዓት አልባ አማተሮች የሚቀጡበት ነው ብሎ ከቁራጭ እንጨት የተሠራ አንድ የቀልድ መሣሪያ ለማኅበሩ ላከ። ስሙ ዉፍ ሆንግ ነው። በምን በኩል እንደሚያዝና እንዴት እንደሚገረፍበት የሚያውቅ የለም፤ ማስፈራቱም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ማኅበሩ በክብር አስቀምጦታል። (ለኛም ሰብሳቢ አንድ ቢሠራላቸው ያልሁበት ጊዜ አለ።)

ሽማግሌው ማን እንደሆነ አባላቱ አያውቁም ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ማክሲም ጨዋና ዝግ ያሉ ሰው ሆነው በየስብሰባው ይቀመጡ ነበር።

መሐል ላይ ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1917 ሚያዝያ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የአማተር ጣቢያ ሁሉ ይዘጋ፣ መሣሪያውም ይነቀል ተባለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የባሕር ኃይሉ ራዲዮን ጠቅልሎ ለመያዝ ፈለገ። ማክሲም ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ተከራከሩ። እገዳው ጨርሶ የተነሳው በ1919 መጨረሻ ግድም ነው። ያ ሁሉ ጎረምሳ ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ብሎ ነበር። ዝምታን ሲመኝ የኖረ ሰው ዝምታውን አግኝቶ ሲያበቃ ሊሰብረው ደጅ ሲጠና ማየት የሚገርም ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የብልጭታው መሣሪያ ቀረና ባምፖል በሚመስል ቫልቭ የሚሠራው መጣ። ይኸኛው ባንድ ቀጭን መስመር ላይ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ሳይጋፋ ባንድ ጊዜ ሊያወራ ይችላል። አይረባም የተባለው አጭር ሞገድም ጉድ አወጣ! በ1923 ኅዳር ሁለት የአሜሪካ አማተሮች፣ ፍሬድ ሽኔልና ጆን ራይናርትስ፣ ኒስ ከተማ ከነበረው ከፈረንሳዊው ሌዮን ደሎዋ ጋር አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። በ1925 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ የአማተር ራዲዮ ኅብረት ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማክሲም ሆኑ። ባሕር ማዶ በቀጥታ ከተደረሰ የቅብብሉ አስፈላጊነት ቀነሰ። ቦታውም ሰፋ። ቦታ ሲሰፋ ደግሞ ወሬ ኃጢአትነቱ ይቀንሳል።

በ1928 ፖል ሲጋል የተባለ አማተር ለሥነ ሥርዓታቸው ስድስት ነጥብ ያለው ደንብ ጻፈ። እኔ የወደድሁለት ሁለቱን ነው፦ አማተር ወዳጃዊ ይሁን፣ ጀማሪ ሲጠይቀው ቀስ ብሎ ይላክለት ይላል፤ ደግሞም ራዲዮው ቤቱንና ሥራውን እንዳያስረሳው ይላል። አያችሁ፣ ወጉን አልከለከለም፤ ልክ አበጀለት እንጂ። ማኅበሩ ራሱም ወገኞቹን በክለብ አደራጅቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጥ በአየር ላይ ላወጋ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። የቅብብል ማኅበር ለወሬ ሰርተፊኬት ሲሰጥ!

ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። አንዳንዱ አማተር የሩቅ አገር ጣቢያ ማጥመድ ነው ደስታው፤ መለያውንና የድምፁን ጥራት ተለዋውጦ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። የአገራችን መለያ ኢቲ ብሎ ስለሚጀምርና በአየር ላይ እምብዛም ስለማይገኝ፣ አምስት ኪሎ ከነበረው የክበብ ጣቢያ አንድ ልጅ ከተጣራ ተሻምተው ይወርዱበታል፤ ማንነትህ፣ ቤተሰብህ የሚል ግን አይገኝም። ወገኞቹ እነዚህን ሯጮች ሰላምታ እንደማያውቁ አድርገው ያያሉ፤ ሯጮቹ ደግሞ ወገኞቹን መንገድ ዘጊ ይላሉ። ወገኞቹም እርስ በርሳቸው ይታማሉ፤ ተራ ሳይሰጥ አሥር ደቂቃ ብቻውን የሚለፈልፍ በመሐላቸው አይወደድም። በየንግግሩ መሐል ጥቂት ዝም ይባላል፤ አደጋ የደረሰበት ካለ ጣልቃ እንዲገባ ነው። ይህችን ልማድ እኛም ብንወስዳት አይከፋም።

ማክሲም በየካቲት 1936 በባቡር ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ ታመሙ። በስተኋላ ዕድሜያቸው የከዋክብት ጥናት ይወዱ ነበርና ሊክ የሚባለውን የከዋክብት መመልከቻ ለማየት ነበር ጉዞው። ኮሎራዶ ውስጥ ላ ሁንታ በተባለች ከተማ ከባቡር አወረዷቸው፤ እዚያው በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ቀኑ በኛ የካቲት 9 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ የኛ አባቶች አምባ አራዶም ላይ የሚዋጉበት ሳምንት። መቃብራቸው በባለቤታቸው አገር፣ በሜሪላንድ፣ ሄገርስታውን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው እሳቸው እንደነበሩ አባላቱ የሰሙት።

ወር ሳይሞላቸው በመጋቢት 1936 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከባድ ጎርፍ ሆነ። ሃርትፎርድ ራሷ ውኃ ገባት፤ የማኅበሩ ዋና ጣቢያም ተጥለቀለቀ። መብራትና ስልክ በተቋረጠበት ስፍራ መልእክት ያመላለሱት አማተሮች ናቸው። እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልናገር። በዚያች ሌሊት የትኛው ጣቢያ በየት እንዳለ፣ ባትሪ ያለው ማን እንደሆነ፣ የማን መምቻ በጨለማም እንደሚታወቅ የሚያውቀው ማነው? በየማታው ሲያወጋ የኖረው አይደለምን? በተለመደው ሰዓት አንዱ ድምፅ ሲጠፋ ምነው ዛሬ ብሎ የሚጠይቀውም እሱው ነው። ያን የምስክር ወረቀት መጀመሪያ ሳነብ ስቄ ነበር።

አማተሮቹ አንድ ባልደረባ ሲሞት ሞተ አይሉም፤ ቁልፉ ዝም አለ ይላሉ። ቁልፍ የሚሉት መምቻውን ነው። መጽሔታቸውም ቁልፋቸው ዝም ያለውን ሰዎች ስም ያወጣል፣ ልክ እኛ በዚህ መጽሔት መጨረሻ ገጽ ላይ እንደምናወጣው። የማክሲም መለያ ደብልዩ 1 ኤ ደብልዩ ነበር። ልማዱ ቢሆን ከሳቸው ጋር መቅረት ነበረበት። ማኅበሩ ግን በጎርፉ በተጎዳው ጣቢያ ፋንታ ኒዊንግተን በተባለ ቦታ አዲስ ጣቢያ ሠራና በ1938 በስማቸው መርቆ መለያውን ለጣቢያው ሰጠው። ከዚያ ጀምሮ ማስታወቂያና የሞርስ ምልክት ትምህርት ለጀማሪዎች፣ ቀስ እያለ፣ በሳቸው መለያ ሲተላለፍ ኖሯል።