ፍራንክሊን ሩዝቬልት፦ የደም ግፊት የደም ስርን እንዴት ይጎዳል?

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1882 ተወለዱ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ39 ዓመታቸው በያዛቸው ሕመም እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰውም ይህንኑ ነው። ለሞት ያበቃቸው ግን የደም ግፊት ነበር።

ግፊታቸው በ1937 162/98፣ በ1941 ደግሞ 188/105 ደርሶ ነበር። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ይዞ የመጣ ታካሚን ያለ መድኃኒት አንሸኝም። በዚያ ዘመን ግን ከፍተኛ ግፊትን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር አድርገው የሚያዩ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። በማርች 1944 የልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን ሲመረምሯቸው ግፊቱ 186/108 ነበር፤ ልባቸውም ተልቆና ደክሞ ተገኘ። ዲጂታሊስ፣ ጨው የቀነሰ ምግብና ዕረፍት ታዘዘላቸው፤ አብዝተው የሚያጨሱትን ሲጋራም እንዲቀንሱ ተነገራቸው።

በደም ስር ውስጥ የሚሆነውን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። የስሩ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ስሩ ዘና ብሎ እንዲሰፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ደም ግፊት፣ ሲጋራ ወይም ስኳር በሽታ ሲኖር ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ሰውነት ማስወገድ ከሚችለው በላይ ይበዛሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ማለት ይህ ነው። ውህዶቹ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ሥራውን ሳይጨርስ ያጠፉታል። ስሩ መስፋት ያቅተዋል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ግፊቱም ይብሳል፤ የባሰው ግፊት ደግሞ ተጨማሪ ፍሪ ራዲካል ያስመርታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየውን ምንም ላያመው ይችላል።

ይህን ሳስረዳ ታዲያ የቫይታሚን ክኒን ይበቃኝ እንደሆነ የሚጠይቁኝ ታካሚዎች አሉ። አይበቃም። በትልልቅ ጥናቶች የቫይታሚን ኢ ክኒን ከልብ ሕመምም ሆነ ከስትሮክ አላዳነም። የታዘዘልዎትን የግፊት መድኃኒት በቫይታሚን አይተኩ።

ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ በግብጽ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። በዚያ ጉዞ በተነሷቸው ፎቶግራፎች ላይ ፊታቸው ከስቶ ይታያል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አፕሪል 12 ቀን በጆርጂያ ግዛት ሳሉ ከባድ ራስ ምታት ያዛቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ሲለካ 300/190 ነበር። በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ብዙ ታካሚዎች የሚወስዱት የሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቀዳሚ የሆነው ክሎሮታያዛይድ ለገበያ የቀረበው በ1958፣ ከሞቱ 13 ዓመት በኋላ ነው።